ሸክላው አለቀ፤ ማስተሩ ቀረ

በሙዚቃ ንግድ ዋናው ሀብት መደርደሪያ ላይ የሚታየው ዕቃ ሳይሆን ዕቃው የተቀዳበት ማስተርና መብቱ ነው። ለዚህ የ«አምሃ ሪከርድስ» ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆናል። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ግን የምሽት ክበቦቹን አዲስ ሙዚቃ ለማሳተም አልተቻኮለም። የሸክላ ሱቅ የነበራቸው ወጣቱ ነጋዴ አቶ አምሃ እሸቴ ይህን ክፍተት አዩ። ገዢ እንዳለ ከሱቃቸው ያውቁ ነበርና ክልከላውን ደፍረው በ1969 የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ። ቀረጻው እዚሁ፣ የሸክላው ኅትመት ውጭ አገር ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ አልበሞች ለገበያ ቀረቡ።

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ገበያውን ካሴት ወረሰው። ካሴት ዋጋው ርካሽ፣ ሥርጭቱም ፈጣን ነው፤ ሆኖም ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ አባዝቶ ሊሸጠው ይችላል። አሳታሚው ወጪውን የሚመልሰው ቅጂው እስኪደርስበት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ሆነ።

የተረሳው ማስተር ግን ዋጋው አልወደቀም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመሩት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ እነዚህን ሥራዎች ለዓለም ገበያ አቀረቡ። ከእነርሱ መካከል የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተሰማ። በአዲስ አበባ ሱቅ በብር የተሸጠው ዜማ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በውጭ ምንዛሪ ተቸበቸበ።

ዛሬ ጉዳዩ የሒሳብ ጥያቄ ሆኗል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቅጂ አሳታሚ የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት የ1969 ሸክላ ዘመኑ በ2019፣ የ1975ቱ ደግሞ በ2025 ያበቃል። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ግን በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ በፊት ወራሾቹን ማለፍ አይቻልም።

ስለዚህ አሮጌ ቴፕ የሚገዛ ነጋዴ ቴፑ ማጫወቱን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይክፈል። የደራሲውን፣ የድምፃዊውንና የአሳታሚውን ውል ይጠይቅ። አቶ አምሃ በ2021 አርፈዋል፤ የከፈቱት ገበያ ግን አሁንም በወረቀት የሚያሸንፈውን ነጋዴ ይጠብቃል።