የጋዜጠኛው ሁለተኛ ትምህርት

በአማራ ክልል ሸዋ ውስጥ ስለሚገኙት ስለ ሞላሌ ከተማና ስለ መንዝ ማማ ምድር ወረዳ የሚሰማው ዜና ብዙ ጊዜ አንድ መልክ አለው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለመኸር እርሻ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ መግባቱን ይገልጻል፤ ኃላፊው አርሶ አደሩ በአግባቡ እንዲጠቀምበት ያሳስባሉ፤ አንድ ሁለት አርሶ አደሮች ግብዓቱ በወቅቱ መድረሱን ይናገራሉ፤ ዜናውም ያበቃል። ሐሰት የሚባል ዓረፍተ ነገር ላይኖርበት ይችላል። ይሁን እንጂ የመንዝ ገበሬ የማያውቀውን አንድም ነገር አይነግረውም። አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ የማዳበሪያው ፎስፈረስ በአፈሩ ተይዞ እንደሚቀርና ለሰብሉ እንደማይደርሰው፣ ስለዚህም መጀመሪያ አፈሩን በኖራ ማከም እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ዘጋቢ ግን ከኩንታሉ ቁጥር አይጀምርም። የቀበሌው አፈር ተመርምሯል ወይ? የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ከተረከበው ውስጥ ስንቱ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ደረሰ? ዝናቡ ከቀረ ወይም ውርጭ ገብሱን ከመታው ገበሬው ለማዳበሪያ ያወጣውን ገንዘብ በምን ይተካል? እያለ ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ድፍረት ብቻ አይበቃም፤ ጉዳዩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጋዜጠኝነት ማጥናት የሚፈልግ ተማሪና ወላጆቹ አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ስቱዲዮ እንዳለውና ሲመረቁ ሥራ ይገኝ እንደሆነ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ልጁ የሚዘግበው ስለ ምንድን ነው? የዜና ጋዜጠኝነት ድግሪ ሲታቀድ ከሙያው ጎን አንድ ሌላ የዕውቀት መስክ፣ ግብርናም ይሁን ሕግ፣ ጤናም ይሁን የመንግሥት በጀት፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብሮ ካልታቀደ ተመራቂው ማይክሮፎን የሚይዝ እንጂ የሚጠይቅ ሰው አይሆንም ባይ ነኝ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ጋዜጠኝነት ኮሌጅ ረጅም ጽሑፍ ሲያወጣ ይማሩ ካላቸው ነገሮች መካከል ሕግ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ ይገኙበታል። በኑዛዜው በተወው ገንዘብ የተቋቋመው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1912 ተከፈተ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የሞዴል ሥርዓተ ትምህርት የጋዜጠኝነትን ትምህርት በሦስት ዘርፍ ሲያዋቅር አንዱ የሙያው ልምምድ፣ አንዱ ስለ ሙያው ማኅበራዊና ሕጋዊ አካባቢ የሚሰጠው ትምህርት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከጋዜጠኝነት ውጭ ያለ አጠቃላይ ዕውቀት ነው። በእኛ አገር ሙያው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው ከሥልጠና በር ነው። የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም በ1990ዎቹ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ የመንግሥት ሚዲያ ሠራተኞችን በዲፕሎማ ያሠለጥን ነበር። የሥልጠናው መንፈስ መጥፎ አልነበረም፤ ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ያስተምር ነበር። ስለ ምን እንደሚጻፍ ግን የሚወስነው አለቃው ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም ብዙ ዜና ክፍል ውስጥ አለ።

ለሞላሌ ተማሪ የድግሪው ዕቅድ የሚጀምረው ከ11ኛ ክፍል ነው። ጋዜጠኝነት በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሚመደብ ተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠ ተማሪ በሩን ሳያውቀው ሊዘጋው ይችላል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የሰባ ሠላሳ ፖሊሲ ደግሞ አብዛኛውን ቦታ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ስለሰጠ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ማኅበራዊ ሳይንስን የሰነፍ መጠጊያ አድርጎ ያየዋል። ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈ ተማሪ በ2012 ዓ.ም. የተመለሰውን የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ተምሮ በውጤቱና በምርጫው ትምህርት ክፍል ይገባል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መመረቅ የሚቻለው የመውጫ ፈተና ሲታለፍ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ክለሳ ነው እያሉ ያማርሩታል። እኔ ግን ኢኮኖሚክሱን፣ ጂኦግራፊውንና ሒሳቡን ከልብ ለሚማር የወደፊት ዘጋቢ ከአራቱ ዓመት ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። በመቶኛና በመቶኛ ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሰው የዋጋ ንረትን ዜና ሊጽፍ አይችልም፤ መጻፉን ግን ይጽፋል፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ክርክር የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ ጳውሎስ ኞኞ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለው ጳውሎስ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የአንድ ትውልድ አስተማሪ ሆኗል፤ ታዲያ ድግሪ ምን ያደርጋል? ይባላል። እውነት ነው፣ ድግሪ ጋዜጠኛ አያደርግም። ነገር ግን የጳውሎስን ሥራ ልብ ብሎ ላየ ሰው ምሳሌው የሚመሰክረው ለተቃራኒው ነው። ሰውየው የታሪክ ሰው ነበር፤ ስለ አጤ ምኒልክ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚያበቃ ሰነድ ያገላበጠ፣ ከአንባቢ የሚመጣለትን ጥያቄ ለመመለስ ያለማቋረጥ ያነበበ። የጎደለው ወረቀት እንጂ ሁለተኛው ትምህርት አልነበረም። በሌላ በኩል ጋዜጠኛና ደራሲው በዓሉ ግርማ የፖለቲካ ሳይንስንና ጋዜጠኝነትን አጣምሮ አገር ውስጥና አሜሪካ ተምሯል። የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው፤ ሁለቱም ግን ከዜና አጻጻፍ ሌላ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ዕውቀቱ ይህን ያህል ካስፈለገ ለምን መጀመሪያ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ተምሮ ጋዜጠኝነትን በማስተርስ አይማርም? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለተኛ ድግሪ ስለሚሰጥ መንገዱ አለ፤ አቅም ላለው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። አቅም የሚለው ቃል ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ድግሪ በወጪ መጋራት ይማሩታል፣ ሥራ ሲይዙ ይከፍሉታል። ማስተርሱ ግን ደመወዝ ሳይያዝ የሚጨመር ጊዜ፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይና ቀለብ ማለት ነው። በግ አርብቶና ገብስ አምርቶ የሚኖር የመንዝ ቤተሰብ ልጁን ለአራት ዓመት ከላከ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት ጠብቅ ሲባል ትከሻው አይችልም። ሁለተኛ ድግሪውን ብቸኛ በር ካደረግነው ዜና የከተማ ልጆች ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የገጠሩን ነገር የሚያውቁት ደግሞ ከውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱም በአራቱ ዓመት ውስጥ መግባት አለባቸው።

ሌላው የሚነሳው ነገር የዜናው ድክመት ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከፍርሃት ነው የሚል ነው። ቴርዬ ሽየርዳል የተባሉት ኖርዌያዊ ምሁር በኢትዮጵያ ጋዜጠኞች ዘንድ ስላለው ራስን በራስ ሳንሱር ማድረግ ጽፈዋል፤ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ስላለው ግጭት በነፃነት መዘገብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ጋዜጠኞችም ታስረዋል። ልጄ ጋዜጠኛ አይሆንም የሚል ወላጅ ሞኝ አይደለም። ቢሆንም ፍርሃት ሁሉንም አያብራራም። ስለ አፈር ምርመራ፣ ስለ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት አቅርቦት፣ ስለ መንገድ ጥገና መዘገብን የከለከለ የለም፤ እነዚህም ዜናዎች ባዶ የሚሆኑት ዘጋቢው ስብሰባ ላይ የተባለውን ከመገልበጥ ሌላ የሚይዘው ስለሌለው ነው። እንዲያውም ሰነዱን አንብቦ፣ ቁጥሩን አመሳክሮ የጻፈ ሰው ሲከሰስ የሚከራከርበት አለው። በስሜት የጻፈ ግን የሐሰት መረጃ ሥርጭትን የሚቀጣው አዋጅ 1185/2012 ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል በአጎራባቹ መንዝ ጌራ ምድር ያለውን የጓሳን ጥብቅ የሣር ምድር ወስዶ ማየት ይቻላል። ስለ ጓሳ የሚቀርበው ዘገባ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሳያል፣ ቱሪስት ይጋብዛል። ዋናው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሣሩን ለቤት ክዳን የሚያጭደው ሕዝብ ለዘመናት ቦታውን በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ እየከፈተ ጠብቆታል። ቀሮ የቆመው በዘር በሚወረሰው የመሬት ይዞታ፣ በአጽመ ርስት፣ ላይ ስለነበር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ፤ በኋላ በማኅበረሰብ ኮሚቴ መልክ እንደገና ተቋቋመ። ዛሬ ማን ያጭዳል፣ ማን ይከለከላል፣ ርስተኛ ያልነበረው ገበሬ ምን አገኘ የሚለውን ለመዘገብ የመሬት ሕግና ሥነ ምህዳር በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ግድ ነው። የመንዝን ማኅበረሰብ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተጻፈው በሶሺዮሎጂስት መሆኑም ይህንኑ ያሳያል፤ ሌቪን ወደ መንዝ የሄደው ምን እንደሚፈልግ አውቆ ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን ሁለተኛ ትምህርት ጋዜጠኝነት ለመረጠች የሞላሌ ተማሪ በራሱ አያቅድላትም፤ የመውጫ ፈተናውም ስለ አፈር ወይም ስለ በጀት አይጠይቃትም። ስለዚህ ራሷ ማቀድ አለባት። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ፣ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንን (አሚኮን) በመሰለ ተቋም የሚጠብቃት ሥራ ግን በዋናነት በአማርኛ ስለሆነ ያነበበችውን በአማርኛ መልሳ መጻፍ መልመድ ይኖርባታል። የምርጫ ኮርስ ሲፈቀድ ከኢኮኖሚክስ ወይም ከሕግ መውሰድ፣ ካልተፈቀደ መምህሩን አስፈቅዶ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ መከታተል ይቻላል። የመመረቂያ ሥራዋን ደግሞ ስለ ሚዲያ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ስለ አንድ ወረዳ የአንድ ዓመት በጀት ታድርገው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሰነድ አለ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። ጥያቄዋን በጽሑፍ አስገብታ፣ የገባበትን ቀን አስመዝግባ፣ የተሰጣትንም የተከለከለችውንም በመመረቂያ ሥራዋ ውስጥ ብታሰፍር ለቅጥር ስትቀርብ ከምስክር ወረቀቷ ጋር የምታስገባው የራሷ ሥራ ይኖራታል።