መቶ በመቶ መተንበይ ምን ያረጋግጣል?

እ.ኤ.አ. በ1922 ኦቶ ስተርንና ቫልተር ጌርላክ ፍራንክፈርት ውስጥ የብር አቶሞችን ጥንካሬው ከቦታ ቦታ በሚለያይ የማግኔት መስክ ሲያሳልፉ ጅረቱ ለሁለት ተከፈለ። ወደ ላይ የወጣ አቶም አቅጣጫው ባልተለወጠ ሌላ ማግኔት ቢያልፍ ዳግም ወደ ላይ እንደሚወጣ መቶ በመቶ መተንበይ ይቻላል። ሁለተኛው ማግኔት 90 ዲግሪ ከዞረ ግን የእያንዳንዱ ውጤት ዕድል 50 በመቶ ነው። ይህን ዕድል ከሞገድ ፈንክሽን ለማስላት የሚያገለግለውን ሕግ ማክስ ቦርን በ1926 አቀረበ። ብዙው ክርክር ያተኮረው በ50 በመቶው ላይ ነው፤ ይበልጥ መመርመር የሚገባው ግን መቶ በመቶው ይመስለኛል።

አንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን በ1935 የተሟገቱት በዚህ መቶ በመቶ እርግጠኝነት ላይ ተመርኩዘው ነው። አንድን ነገር ሳንነካ የልኬቱን ውጤት በእርግጠኝነት መተንበይ ከቻልን፣ ለዚያ ውጤት መነሻ የሚሆን እውነታ ቀድሞውኑ አለ አሉ። ከአንድ ምንጭ ወጥተው ከተራራቁ ጥንድ ቅንጣቶች የአንዱ ልኬት የሌላውን ስለሚያሳውቅ፣ ኳንተም መካኒክስ ጎዶሎ ነው ማለታቸው አሳማኝ ነበር። ጆን ቤል በ1964 ጉዳዩን ለፈተና የሚቀርብ አደረገው፦ ቅንጣቶቹ መልሳቸውን ይዘው ከወጡ፣ እዚህ የሚደረገውም እዚያ ያለውን ካልነካ፣ በውጤቶቻቸው መካከል ያለው ዝምድና ከተወሰነ ልክ አያልፍም። ክላውዘርና ባልደረቦቹ በ1969 ባወጡት ስሌት ልኩ 2 ነው፤ ኳንተም መካኒክስ ደግሞ እስከ 2.83 ይፈቅዳል። በ2015 ዴልፍት ውስጥ 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት አልማዞች ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች ላይ የተደረገ ሙከራ 2.42 አገኘ። ከሁለቱ ግምቶች ቢያንስ አንዱን መተው ግድ ሆነ። ውጤቱን አስቀድሞ ማወቃችን ብቻውን፣ መልሱ በቅንጣቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር ለማለት አያበቃም።

የዴቪድ ቦም የ1952 ንድፈ ሐሳብ ለዚህ ብርቱ ተቃውሞ ነው። በእርሱ ዘንድ ቅንጣቶች ሁልጊዜ የተወሰነ ቦታ አላቸው፤ ዕድልም መነሻቸውን ካለማወቃችን የሚመጣ ነው። ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ነገር ግን ሩቅ ያለው ነገር እዚህ ያለውን እንዲነካ ይፈቅዳል፤ በስተርንና ጌርላክ ማግኔት የሚለካው ስፒንም ቅንጣቱ ይዞት የሚዞር ባሕርይ ሳይሆን ከመለኪያው አሰናዳድ ጋር የሚወሰን ነው። ስለዚህ የተነሣሁበትን ነጥብ ከማፍረስ ይልቅ ያጠናክረዋል። ሂው ኤቨረት በ1957 ሁሉም ውጤት ይፈጸማል ሲል፣ ሁሉ የሚሆን ከሆነ 50 በመቶ ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ተከተለው።

እንዲህ ከሆነ ሳይንስ መሠረቱን አያጣም ወይ? አያጣም። የአንድ ካርበን 14 አቶም መፍረሻ ጊዜ አይታወቅም፤ የብዙዎቹ ግማሽ በ5,730 ዓመት ገደማ መፍረሱ ግን ለአርኪዮሎጂ አስተማማኝ መለኪያ ሆኗል። እንዲያውም በ2010 ተመራማሪዎች አንድ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት አዮኖችን ተጠቅመው፣ አስቀድሞ የትም ያልተጻፉ መሆናቸው በቤል ስሌት የተመሰከረላቸው 42 የዘፈቀደ ቢቶች አወጡ። ምስክርነቱ የሚጸናው ግን የመለኪያዎቹ አቅጣጫ ከአዮኖቹ ታሪክ ጋር ሳይያያዝ ተመርጧል ብለን እስከተቀበልን ድረስ ነው።