እውነት ወይስ ተረት? ስለ ብሮሸር የምናምናቸው ስምንት ነገሮች

ባዛር ሲዘጋ ከአዳራሹ ወለል ከሚጠረገው ወረቀት መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ያልተገለጠ ብሮሸር አይጠፋም። ለዲዛይነር ተከፍሎበታል፣ ማተሚያ ቤት ወረፋ ተጠብቆለታል፤ የተሰጠው ሰው ግን አላነበበውም። ጥፋቱን በአንባቢው ስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው። እውነቱ ግን ብዙው ብሮሸር የሚሠራው ባለቤቱን ለማስደሰት እንጂ አንባቢውን ለመርዳት አለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እምነቶች ሁሉ ከዚያው ስህተት የሚመነጩ ናቸው። ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ፣ በላሊበላ ከተማ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ሰው ብሮሸር ሊያሠራ ነው እንበል።

ተረት 1፦ ብሮሸር ስለ ድርጅቱ ሁሉንም መናገር አለበት።

እውነቱ፦ የብሮሸር ሥራ አንባቢውን አንድ እርምጃ ማራመድ ነው፤ እንዲደውል፣ ክፍል እንዲይዝ ወይም ሱቁ ድረስ እንዲመጣ። ራዕይ፣ ተልእኮ፣ የምሥረታ ታሪክና የሥራ አስኪያጁ መልእክት ገጹን ሲሞሉት የአንባቢው ጥያቄ መልስ ያጣል። ላሊበላ የሚሄድ እንግዳ ምን እንደሚጠይቅ ደግሞ የታወቀ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ማን ይቀበለኛል? አብያተ ክርስቲያናቱ ጋ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ሙቅ ውኃ አለ? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አላችሁ? ለገና ክፍል የምይዘው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዋጋውስ? ለእነዚህ በግልጽ የመለሰ ብሮሸር ግማሽ ሥራውን ጨርሷል።

ከውጭ ለሚመጣ ቱሪስት፣ ለተሳላሚ ምእመንና ስብሰባ ለሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት በአንድ ወረቀት ልናገር ማለትም አያዋጣም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ዲዛይነር ጋ ከመሄድዎ በፊት «ይህን የሚያነበው ሰው እገሌ ነው፤ አንብቦ ሲጨርስ ይህን ያደርጋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለዚያ ዓረፍተ ነገር የማይጠቅም አንቀጽ ሁሉ ይውጣ።

ተረት 2፦ የፊት ገጹ የሎጎ ቦታ ነው።

እውነቱ፦ ድርጅቱን ለማያውቅ ሰው ሎጎ ምንም አይነግረውም። የፊት ገጹ መሸከም ያለበት አንባቢው የሚያገኘውን ጥቅም ነው። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ አስተማሪ የለም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁበት መፈክር በአማርኛ «የ13 ወር ፀጋ» የምንለው ነው። በውስጡ የመሥሪያ ቤት ስም የለም፤ የታሪክ ዝርዝርም የለም። እንግሊዝኛው ብዙው ዓለም የሌለውን አሥራ ሦስተኛ ወራችንን ከፀሐይ ጋር አገናኝቶ፣ ብርድ የሰለቸውን ሰው በጥቂት ቃላት ይጠራዋል። በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም ከሎጎው ይልቅ «ከቤተ ጊዮርጊስ በእግር አሥር ደቂቃ» የሚለውን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ከአንድ ጥሩ ፎቶ ጋር ፊት ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል። ሎጎው በትንሹ ከታች ይቀመጥ።

ተረት 3፦ ባዶ ቦታ ብክነት ነው፤ ፊደሉ አንሶ ብዙ ይጻፍ።

እውነቱ፦ የጠበበ ጽሑፍ ገና ሳይነበብ ያደክማል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ወይም በእግር ርዝመት ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ልዩነቱ ይጠፋል። በደማቅ መደብ ላይ በነጭ የታተመ ቀጭን ፊደል ደግሞ ቀለሙ ስለሚገባበት ይደፈናል። ስለዚህ እንግሊዝኛውና አማርኛው በአንድ ሳይዝ ይሁኑ ማለት ፍትሕ አይደለም፤ እንግሊዝኛው 9 ከሆነ አማርኛው 10 ወይም 11 ቢሆን ይመረጣል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት ስለሌለው፣ ርዕስ ከጽሑፉ የሚለየው በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ያ ቦታ ሥራ ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ በዩኒኮድ ያስጽፉ፤ ለማተሚያ ቤቱም ፎንቱን የያዘ ፒዲኤፍ ይስጡ።

ተረት 4፦ ስልኬ ላይ ያማረ ፎቶ ወረቀት ላይም ያምራል።

እውነቱ፦ ለጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ያህል ፒክሰል ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ወርዱ 1200 ፒክሰል የሆነ ፎቶ ጥራቱን ጠብቆ የሚታተመው እስከ 10 ሴንቲሜትር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ስለሚቀንስ፣ ለዲዛይነሩ ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት። ቀለሙም ይለወጣል። ስክሪን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ያሳያል፤ ማተሚያ ግን በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ይሠራል። የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ፈዞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሙሉው ከመታተሙ በፊት የወረቀት ናሙና ማየት መብትዎ ነው።

ተረት 5፦ ሦስት እጥፍ ማለት ኤ4ን እኩል ሦስት ቦታ መክፈል ነው።

እውነቱ፦ ወደ ውስጥ የሚገባው ክንፍ ከሌሎቹ ትንሽ ካልጠበበ ይጨማደዳል። 297 ሚሊ ሜትሩን 100፣ 100 እና 97 አድርጎ መክፈል የተለመደ ነው። እስከ ጠርዙ የሚደርስ ቀለም ወይም ፎቶ ካለም በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተውለት፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል።

ተረት 6፦ የእንግሊዝኛው ገጽ የአማርኛው ግልባጭ ነው።

እውነቱ፦ «ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ» የሚለው ቁጥሩ ሳይለወጥ ከተተረጎመ የውጭ እንግዳ ቁርስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚቀርብ ይመስለዋል፤ ለእርሱ 7 ሰዓት ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ገና ለእኛ ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ለእርሱ ጃንዋሪ 7። በ09 የሚጀምር ስልክ ከውጭ ስለማይሠራ ዜሮው ወጥቶ +251 ይቀድመዋል። ይዘቱም ይለያይ። ከጎንደር ለሚመጣ ተሳላሚ የጾም ምግብ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለውጭ እንግዳ ግን ያስፈልጋል። ሁለት አንባቢ ካለ ሁለት ጽሑፍ ይኑር።

ተረት 7፦ «ምርጥ»፣ «አንደኛ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» ማለት ገዢ ይስባል።

እውነቱ፦ ሁሉም የሚለውን ቃል ማንም አይሰማውም። «ምቹ መኝታ» ከማለት «በየክፍሉ ሁለት ብርድ ልብስ፤ የላሊበላ ሌሊት ይበርዳል» ማለት ይታመናል፤ ጸሐፊው ቦታውን እንደሚያውቅና ለእንግዳው እንዳሰበ ያሳያልና። የሕግ ጉዳይም አለበት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ማረጋገጥ የማይችሉትን ነገር አያሳትሙ።

ተረት 8፦ ብዙ ባሳተምን ቁጥር እናተርፋለን።

እውነቱ፦ በኦፍሴት ህትመት ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት ይሠራል፤ ያ ወጪ 500 ቅጂም 5000 ቅጂም ቢታተም ያው ስለሆነ የአንዱ ዋጋ በብዛት ይረክሳል። ሒሳቡ የሚፈርሰው ዋጋ ሲጨምር ወይም ስልክ ሲቀየር ነው፤ የተረፈው ክምር በአንድ ቀን ዋጋ ቢስ ይሆናል። ለጥቂት መቶ ቅጂ ፕሌት የማይፈልገው ዲጂታል ህትመት ብዙ ጊዜ ይበቃል። መጀመሪያ ትንሽ ያሳትሙ፤ ደንበኛ ብሮሸሩን ይዞ እየመጣ አሁንም የሚጠይቀውን ጥያቄ ይመዝግቡ፤ ቀጣዩን ህትመት በዚያ ያርሙ። ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ዋጋ ካለ በኪውአር ኮድ ወደ ቴሌግራም ገጽዎ ይምሩ።

ህትመቱን ከመፍቀድዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ናሙናውን ሥራዎን ለማያውቅ ሰው ይስጡ፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ መልሰው ይቀበሉትና «ምን ይሸጣሉ? ለማን? ብፈልግ ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ብለው ይጠይቁት። ሦስቱንም ከመለሰ ወደ ማተሚያ ቤት ይላኩ። አንዱን ከሳተ የሚታረመው ብሮሸሩ ነው፤ ሰውየው ማንበብ አላቃተውም።