ነጋዴዎች ያቋቋሙት የወሬ አዳራሽ

ለነጋዴ ገንዘብና ዕቃ እንደሚያስፈልጉት የማያውቅ የለም። ነገር ግን እውነተኛ ወሬ የሚነበብበትና ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት አዳራሽም ራሱን የቻለ የንግድ መሣሪያ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ይህን ለማስረዳት የለንደንን ቡና ቤቶች ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ቡና ቤት ስንልም በከተሞቻችን የአልኮል መጠጥ የሚሸጥበትን ሳይሆን፥ ቡና እየተጠጣ ጋዜጣ የሚነበብበትን ቤት ማለታችን ነው።

የለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ዓ.ም. ፓስኳ ሮዜ በተባለ ሰው ተከፈተ። በዚያ ዘመን ቡናው የሚመጣው ከየመን፥ በሞካ ወደብ በኩል ነበር፤ የተክሉ ጥንተ መገኛ ግን አገራችን መሆኗን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው ሁሉ ቡናውን እየጠጣ ሲያነብ፥ ሲጫወትና ሲከራከር መዋል ይችል ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቤቶቹ የሐሜት መናኸሪያ ሆነዋል በማለት በ1675 ዓ.ም. መጨረሻ እንዲዘጉ ቢያውጁም፥ ተቃውሞው ስለበረታ ዐዋጁ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ተሻረ።

ከነዚህ ቤቶች አንዱ የኤድዋርድ ሎይድ ነበር። ሎይድ ቤቱን በ1691 ዓ.ም. ወደ ሎምባርድ መንገድ ካዛወረ በኋላ፥ ደንበኞቹ መርከበኞች፥ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች መሆናቸውን አይቶ ቀለምና ወረቀት ያቀርብላቸው፥ የመርከቦችንም ወሬ ከየወደቡ እያስመጣ በሁሉ ፊት ያስነብብላቸው ነበር። የትኛው መርከብ ደረሰ፥ የትኛው ሰጠመ የሚለው ወሬ ለሁሉም እኩል ይሰማ ስለነበር፥ የባሕር ኢንሹራንስ የሚሰጡ ሰዎች መዋያቸውን በዚያው አደረጉ።

ሎይድ በ1713 ዓ.ም. ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ቤቱን የሚያሳፍር ነገር ገባበት። አንዳንዶቹ የመርከብና የዕቃ ውል ትተው፥ እገሌ የተባለው ታላቅ ሰው ዘንድሮ ይሞታል ወይስ ይተርፋል እያሉ በሰው ሕይወት ይወራረዱ ጀመር። የቤቱ ስም ከጠፋ የውላቸው ዋጋ አብሮ እንደሚጠፋ የተረዱት ጨዋ ነጋዴዎች በ1769 ዓ.ም. ተለይተው ወጡና ሌላ ቤት እንዲከፈት አደረጉ። ይህም ስለጠበባቸው በ1771 ዓ.ም. 79 ሰዎች ለአዲስ አዳራሽ እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጡ፤ 9 አባሎች ያሉበትንም ኮሚቴ መረጡ። በ1774 ዓ.ም. በሮያል ኤክስቼንጅ ሕንፃ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ገቡ። «አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለአምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው የአባቶቻችን አነጋገር በባሕር ማዶም እውነት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሎይድስ በዓለም የታወቀ የኢንሹራንስ ገበያ ነው፤ የአዳራሹ አገልጋዮች እስካሁን «አስተናጋጅ» ተብለው መጠራታቸውም የቡና ቤቱ መታሰቢያ ነው።

እንግዲህ አዳራሹን ያስከበረው የግንቡ ውበት አይደለም፤ ወሬው ለሁሉ እኩል መነበቡና ተጠቃሚዎቹ የቤቱን ስም መጠበቃቸው ነው እንጂ። በዘመናችን የገበያ ዋጋ በእጅ ስልክ ይደርሰናል፤ ይሁን እንጂ ስልኩ ዋጋውን እንጂ የሰውየውን ጠባይ አይነግረንም። በየከተማው ያሉ ነጋዴዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ጋዜጣና የዋጋ ሰሌዳ ያለበት፥ ቡናም የሚፈላበት አንድ ክፍል ቢያቆሙ፥ ወጪው ትንሽ፥ የሚገኘው መተማመን ግን ብዙ ይሆናል።