«የዲጂታል አምፕ ድምፅ ደረቅ ነው»፦ ተረቱና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ የድምፅ ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው ገና ሳይከፍተው አምፑን ብድግ አድርጎ ይመዝነዋል። ከከበደ «ይሄ ኦርጅናል ነው» ይባላል። ከቀለለ ደግሞ «ዲጂታል ነው፣ ድምፁ ደረቅ ነው» ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። ፍርዱ የሚሰጠው አንድ ዘፈን እንኳ ሳይሰማበት ነው።

በዚህ ፍርድ አልስማማም። ከሃያ ዓመት በፊት የወጡት ቀላል አምፖች፣ ማለትም ክላስ ዲ የሚባሉት፣ ጉድለት ነበረባቸው፤ ነገር ግን የነበረባቸው ጉድለት ሌላ፣ የሚታሙበት ሌላ ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች በስማችን በሚጠሩበት በወሎ፣ ማሲንቆና ዋሽንት በትክክል የሚሰማበትን ዕቃ በሐሜት መጣል ያሳዝነኛል።

«ክላስ ዲ ማለት ዲጂታል ማለት ነው»

አይደለም። የአምፕሊፋየር አሠራሮች በፊደል ተራ ክላስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው ተሰይመው ነበር፤ ቀጥሎ አዲስ አሠራር ሲመጣ ተራው የ«ዲ» ሆነ። የእንግሊዙ ክላይቭ ሲንክሌር በዚህ አሠራር የሚሠራውን ኤክስ-10 የተባለ አምፕ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ሲዲ ገበያ ላይ ከመዋሉ 18 ዓመት በፊት ማለት ነው። የዘመኑ ትራንዚስተር ለዚህ ሥራ ፍጥነት አልነበረውምና ውጤቱ ደካማ ሆነ። መጥፎው ስም ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተከተለው ነው።

አሠራሩን በቧንቧ ውኃ ማስረዳት ይቻላል። ከባዱ አምፕ፣ ማለትም ክላስ ኤቢ የሚባለው፣ ቧንቧውን ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እያደረገ ይከፍታል። ትራንዚስተሩ በከፊል ተከፍቶ ሲቆይ የሚባክነው ኃይል ሙቀት ይሆናል። ክላስ ዲ ግን ወይ ሙሉ ይከፍታል፣ ወይ ሙሉ ይዘጋል፤ ይህንንም በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ያደርገዋል። የድምፁ ሞገድ ከፍ ሲል ክፍት የሚሆንበት ቅጽበት ይረዝማል፣ ዝቅ ሲል ያጥራል። በመጨረሻ ኮይልና ኮንደንሰር ያንን ፈጣን መክፈት መዝጋት አለስልሰው ሙዚቃውን ብቻ ወደ ስፒከሩ ያሳልፋሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ ዜሮና አንድ የሚባል ቁጥር የለም።

በእውነትም ዲጂታል የሆኑ ግን ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የወጡት የፓናሶኒክ ኤስኤ-ኤክስአር ሪሲቨሮች ከዲቪዲ ማጫወቻ የሚመጣውን ቁጥር በቀጥታ ወደ መክፈትና መዝጋት ይለውጡት ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ካገኛችሁ በቀይና ነጭ ገመድ ሳይሆን በኦፕቲካል ገመድ አገናኙት። በቀይና ነጭ ገመድ ሲገባ ድምፁን መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ ግድ ይሆንበታል፤ ያ ደግሞ አንድ ትርፍ እርምጃ ነው።

«ስለሚቆራርጥ ድምፁም የተቆራረጠ ይሆናል»

የሰው ጆሮ የሚደርሰው ቢበዛ በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ነው፤ እሱም በወጣትነት። መክፈት መዝጋቱ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ጆሮ ሊሰማው አይችልም። ማሲንቆው ጆሮ የሚቧጥጥ ከሆነ መጀመሪያ ፍላሹን ጠርጥሩ። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ፍላሽ እየተጨመቀ ከመጣ የጠፋውን ድምፅ የሚመልስ አምፕ የለም፤ ከባድም ሆነ ቀላል።

«የድሮዎቹ ሁሉ መጥፎ ናቸው»

እዚህ ላይ እውነትና ሐሜት ስለተቀላቀለ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

እውነተኛው የመጀመሪያ ጉድለት ያ ኮይልና ኮንደንሰር ነው። ፋብሪካው ለ6 ኦም ስፒከር ብሎ ያዘጋጀውን አምፕ 8 ኦም ስፒከር ላይ ሲያስሩት ትሪብሉ ከልኩ ከፍ ይላል፤ «ደረቅ» የሚባለው ይህ ነው። 4 ኦም ላይ ሲታሰር ደግሞ ትሪብሉ ይዝላል፣ ድምፁ ይታፈናል። አንድ አምፕ በአንድ ቤት «ይጮኻል»፣ በጎረቤት ቤት «ታፍኗል» ሊባል የሚችለው ስፒከሩ በመለያየቱ ነው። ብሩኖ ፑትዜይስ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2001 በፊሊፕስ ቤት ይህን ፈታው፦ አምፑ የገዛ ድምፁን ከኮይሉ በኋላ እየለካ እንዲያርም አደረገ። ከዚያ በፊት የተሠሩትንና ዛሬም በርካሽ የሚመጡትን ብዙዎቹን ግን ከስፒከራቸው ጋር ማጣጣም የእኛ ሥራ ነው። ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈውን ኦም ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ጉድለት ከመብራታችን ጋር የተያያዘ ነው። ክላስ ዲ የሚከፍተውና የሚዘጋው ከፓወር ሰፕላዩ የመጣውን ቮልቴጅ ራሱን ነው። ራሱን የማያርም የድሮ አምፕ ከሆነ፣ ቮልቴጁ ሲወዛወዝ ድምፁም አብሮ ይወዛወዛል። ማታ የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ አምፑ በተራ ትራንስፎርመር የሚሠራ ከሆነ ይህ ይሰማበታል። ደህና አዳፕተር ቮልቴጁን አስተካክሎ ስለሚሰጥ ችግሩን ይሸፍናል። ርካሹ ግን ከበሮ በተመታ ቁጥር የራሱ ቮልቴጅ ይወርዳል።

በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ኮንደንሰር ይደርቃል፤ ሃያ ዓመት ከሙቀት አጠገብ የኖረ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማው የደከመ ኮንደንሰር ድምፅ እንጂ አምፑ አዲስ ሳለ የነበረው ድምፅ አይደለም። ከመጣሉ በፊት ለአንድ ጥሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ማሳየት ይበጃል።

መጥፎ ስም ሲያጠላባቸው ከኖሩት አንዱ ትሪፓዝ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት የሠራው ቲኤ2020 ቺፕ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰረ። ቺፑን ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ዓለምን ካነቃነቁ 25 ቺፖች ተርታ አስገባው። ንጹሕ ድምፅ የሚሰጠው በአንድ ወገን እስከ 10 ዋት አካባቢ ነው። ይህ ለሳሎን ይበቃል። ድንኳን ተጥሎ ሠርግ ሊሞላበት ሲገፋ ግን ድምፁ ይበላሻል፤ ጥፋቱም የቺፑ ሳይሆን የጫኙ ነው።

ሐሜቱ የማይጠቅሰውን አንድ ጉድለት ልጨምር፦ አንዳንዶቹ የድሮ ክላስ ዲዎች አጠገባቸው ያለውን የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ይረብሻሉ። ሬዲዮውን ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

«ከባድ ከሆነ ጉልበት አለው»

የሚመዝነው ትራንስፎርመሩና ማቀዝቀዣ አልሙኒየሙ ነው። የክላስ ኤቢ መነሻ የሆነው ክላስ ቢ የሚባለው አሠራር በስሌት እንኳ ከሚወስደው ኃይል ከ78.5 በመቶ በላይ ወደ ድምፅ ሊለውጥ አይችልም፤ በተለመደው የሳሎን ድምፅ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ክላስ ዲ ጉልበቱን ሲጠቀም 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። መብራት ሄዶ በባትሪና በኢንቨርተር ለሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሌላም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ አልሙኒየሙንም የዚያን ያህል አያቀዘቅዘውም። ብርዱ ይህን ያካክሳል። በሐረጎ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ አሁንም ስስ ሆኖ ቀኑ ይሞቃል። ቡፌ ውስጥ ተወትፎ ዳንቴል የለበሰ ከባድ አምፕ እዚያ ይቀቀላል። እባካችሁ ዳንቴሉን አንሱለት።

ካርቶን ላይ የሚጻፈውን 1000 ዋት ደግሞ አትመኑት። አዳፕተሩን ገልብጣችሁ ቮልቱን በአምፔሩ አባዙ፤ 24 ቮልት፣ 4 አምፔር ከሆነ 96 ዋት ነው፤ ከገባው በላይ ሳያቋርጥ የሚያወጣ አምፕ የለም። የ24 ቮልቱ አዳፕተር ጠፍቶ በ12 ቮልት ከተተካ ደግሞ ቮልቴጁ ቢጋመስም ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። «ዲጂታል አቅም የለውም» ከማለታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ትንሽ ክላስ ዲ ገዝታችሁ ቤት ለምትገቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙዎቹ ላይ ጥቁሩ የስፒከር ገመድ እንደ ድሮው አምፕ ከሻሲው ጋር የተያያዘ ኔጋቲቭ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ያለበት መውጫ ነው። የግራና የቀኙን ጥቁር ገመዶች እርስ በርስ አታገናኙ፤ ብረቱንም አታስነኩ፤ ቺፑ ይቃጠላል።