ትረካና እማኝ፦ የወረዳ የሕዝብ ግንኙነት የዕለት ሥራ ከሉማሜ አንጻር

ሉማሜ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከደጀን ቀጥላ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለደንበኛ የሚሠሩ የግል የሕዝብ ግንኙነት ድርጅቶች በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተሰባሰቡ በመሆናቸው፣ እንዲህ ባሉ ከተሞች ሙያው የሚኖረው በወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በየዕለቱ የሚጽፈው ነገር መቼ ትረካ እንደሚሆንና መቼ ሳይታመን እንደሚቀር ማብራራት ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ባለሙያው ስብሰባ ይዘግባል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ዜናውን ጽፎ ለዞንና ለክልል መገናኛ ብዙኃን ይልካል፤ በፌስቡክ ገጽ ይለጥፋል፤ በበዓል መድረክ ይመራል፤ ባነር ያሠራል፤ በገበያ ቀን በሞንታርቦ መልእክት ያስነግራል። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ይህን ያህል ዜና ሠርቻለሁ ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ዕቅዱም አፈጻጸሙም በቁጥር የሚገለጽ ሲሆን፣ የዜናውን ብዛት ማወቅ ዜናውን ማን ሰማው፣ ማንስ አመነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

የዜናው አጻጻፍም የራሱ ልማድ አለው። ዓረፍተ ነገሩ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመላከተ» በሚሉ ግሦች ይዘጋል። ማን ገለጸ፣ ለማን ገለጸ የሚለው ይጠፋል። የሞዴል አርሶ አደር ዜና ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሰውዬው ባለሙያውን ሲያነጋግር በመጀመሪያው ዓመት ስለነበረው ጥርጣሬ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳቅ፣ በብድር ስለገዛው ዘር፣ ውርጭ ስለመታው ማሳ ሊያወራ ይችላል። ዜናው ሲታተም ግን የሚቀረው የምርቱ መጠንና ለሚመለከታቸው አካላት ያቀረበው ምስጋና ብቻ ነው። የተቆረጠው ክፍል ትረካው ራሱ ነበር። ችግር ያልገጠመውን ሰው ታሪክ ለመስማት ማን ጆሮ ይሰጣል?

አሜሪካዊው የኮሙኒኬሽን ምሁር ዋልተር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰዎች አንድን ትረካ በሁለት መለኪያ እንደሚመዝኑ አስረድቷል፤ አንደኛው የታሪኩ ክፍሎች እርስ በርስ መስማማታቸው፣ ሁለተኛው ታሪኩ አድማጩ በሕይወቱ ከሚያውቀው እውነት ጋር መግጠሙ ነው። ይህ ሐሳብ ለሉማሜ አድማጭ እንግዳ አይደለም። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ ትረካው ገና ከመጀመሩ የሁለት ወገን ጉዳይ ነው። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግትም ተናጋሪው የሚረታው በአንደበቱ ማማር ብቻ ሳይሆን ተጠይቆ በመመለሱና እማኝ በማቆሙ ጭምር ነበር። በዚህ ባህል ያደገ ሰው፣ ጠያቂም እማኝም የሌለውን ዜና በጥርጣሬ ቢያዳምጥ ሊያስገርም አይገባም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የጎጃም ታሪክ ያሳያል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ አሥራትን ሽሮ ግብሩ በገቢ መጠን ላይ እንዲመሠረት ያዘዘ ነበር። መንግሥት የተረከው የፍትሐዊ ግብር ታሪክ ነው። ገበሬው የሰማው ሌላ ነበር፤ ገቢ ሊገምት የሚመጣው ሹም መሬቱን ይለካል፣ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስትነቱ ያበቃል የሚል ነበር። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም የጎጃም ገበሬ መሬት መለካትን ሲቃወም ኖሯልና። ዐመፁ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎች አውራጃዎች ተቀጣጠለ። መንግሥት ጦር ሠራዊት፣ አውሮፕላንም ጭምር አዘመተ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ዐመፁን ወደ «የኮሙኒኬሽን ክፍተት» ማውረድ የአስተዳደሩን በደል ማሳነስ ስለሚሆን ጸሐፊው ይህን አይልም። ነገር ግን ሁለት ታሪኮች በአንድ መሬት ላይ ሲጋጩ ያሸነፈው የአድማጩን ትዝታ ይዞ የመጣው እንደነበረ መካድ አይቻልም።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ነው። የ1989ኙ ሽግሽግ ትኩስ ትዝታ በነበረበት ጊዜ፣ መዝጋቢ መጣ ሲባል ሌላ ሽግሽግ ወይም አዲስ ግብር መጣ ብሎ መስጋት የሚጠበቅ ነበር። ሆኖም ምዝገባውን የሚያካሂዱት ነዋሪው ራሱ የመረጣቸው የቀበሌ ኮሚቴዎች ነበሩ። ድንበር ሲለይ አዋሳኝ ባለይዞታዎች ይገኛሉ፤ ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። ሁሉም ቅሬታ በዚህ ተፈታ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ እማኙ በአሠራሩ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ረገድ ከየትኛውም ባነር ይልቅ የጎረቤት በድንበር ላይ መቆም የተሻለ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው።

ሕጉም ቢሆን ባለሙያውን ተናጋሪ ብቻ አላደረገውም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች የመረጃ ጥያቄ እንዲቀበሉና በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጡ ይደነግጋል። ስለዚህ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ከተሠሩ ዜናዎች ቁጥር ጎን ምን ያህል ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱስ ተመለሰ የሚል ዐምድ ቢኖር ከሕጉ መንፈስ ጋር የሚስማማ ይሆናል።

ፈተናው የሚበረታው ነገር ሲበላሽ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1906 የባቡር አደጋ በደረሰ ጊዜ አይቪ ሊ የተባለው የሙያው ቀዳሚ ሰው፣ ኩባንያው አደጋውን እንዳይደብቅና ጋዜጠኞችን ወደ ስፍራው እንዲወስድ ማድረጉ እስካሁን በማስተማሪያነት ይጠቀሳል። ለእኛ አካባቢ የባቡሩ አቻ ማዳበሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት በተከሰተ ጊዜ አርሶ አደሮች በተለያዩ ስፍራዎች ለአቤቱታ ወጥተዋል። የጤፍና የስንዴ ዘር ጊዜ አይጠብቅም፤ በእንዲህ ያለ ሳምንት «ግብዓት በተሟላ ሁኔታ እየቀረበ መሆኑ ተገለጸ» የሚል ዜና ባዶ እጁን ለቆመ ገበሬ የሚያስተላልፈው መልእክት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱን ያየው እንደሌለ። ከዚህ ይልቅ ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ለየትኛው ቀበሌ እንደተሰጠ፣ የቀረው መቼ እንደሚጠበቅ፣ የሚጠበቅበት ቀን ካልታወቀም አለመታወቁን፣ ቅሬታ ያለው የትኛውን ቢሮ እንደሚጠይቅ በዚያው ቀን በገበያው ሞንታርቦ የሚናገር አጭር መግለጫ ማውጣት ይቻላል። ለዚህም መግለጫውን የሚፈርመው ኃላፊ ባለሙያውን «አልደረሰም» የሚለውን ቃል እንዲጽፍ ሊፈቅድለት ይገባል።