ዝግጁ አኒሜሽንን እንዴት እንጠቀምበት? የሱዳንን መንገድ ስናሳይ የተማርነው

በቃታሞኒም ማትናስ ለወላጆች አንድ ምሽት አዘጋጅተን ነበር። በሱዳን በኩል የመጡትን ቤተሰቦች መንገድ በፓወርፖይንት ሠርተን አሳየን። ጊዜ ስላጠረን ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ዝግጁ እንቅስቃሴዎች እንዳሉ ወሰድናቸው። የመንገዱ መስመር በ«ፍላይ ኢን» ከታች ተወርውሮ ገባ፤ በመንገድ የሞቱት ሰዎች ስም ደግሞ በ«ባውንስ» እየነጠረ ወጣ።

አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጆቼ፣ እኛ እኮ በእግራችን ነው የሄድነው፤ የበረርነው መጨረሻ ላይ ነው። የሞቱትንስ ስም ለምን እንደ ኳስ ታነጥሩታላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሥራውን እንደ ገና ከፈትነው። የተማርነውን እናካፍላችሁ።

ዝግጁ እንቅስቃሴ ሌላ ሰው አስቀድሞ የሠራው መመሪያ ነው። ነገሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት፣ በስንት ሰከንድ እንደሚሄድ ይወስናል። በአፍተር ኢፌክትስም ያው ነው፤ ዝግጁውን ስንከፍተው «ኪይፍሬም» የሚባሉ የጊዜ ምልክቶችን እናገኛለን፤ እነሱን ማራራቅና ማቀራረብ ይቻላል። ፕሮግራሙ የሚያንቀሳቅሰው የሠርግ ጥሪ ይሁን የሟች ስም አያውቅም። የምናውቀው እኛ ነን።

መንገዱ፦ ለመስመር «ዋይፕ» ይሻላል፤ እየተሣለ የሚሄድ ይመስላል። ሳይነካ ከተተወ ግን ከታች ወደ ላይ በግማሽ ሰከንድ ያልቃል። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ ስለሆነ «ኢፌክት ኦፕሽንስ» ገብተን «ፍሮም ራይት»ን መረጥን። መስመሩን ለሁለት ከፈልነው፤ በእግር እስከ ኡም ራኩባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ካርቱም። ለእግሩ መንገድ «ዱሬሽን» ላይ 15 ሰከንድ፣ ለአውቶቡሱ 4 ሰከንድ ሰጠን።

ማረፊያው፦ በኡም ራኩባ ካምፕ ሰዉ ለወራት ጠብቋል፤ ብዙ ሰውም እዚያ አልቋል። ስለዚህ ሁለተኛውን መስመር «አፍተር ፕሪቪየስ» አድርገን «ዲሌይ» ላይ 10 ሰከንድ ጻፍን። በዚያ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም።

በረራው፦ በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985፣ አውሮፕላኖቹ ከካርቱም በብራስልስ በኩል ነበር የመጡት። ቀጥ ያለ ዝግጁ መስመር ይህን አያሳይም። «ሞሽን ፓዝስ» ውስጥ «ከስተም ፓዝ» መርጠን መንገዱን በእጃችን ሣልነው።

ስሞቹ፦ በሱዳን መንገድ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። ለስሞቹ «ፌድ» ብቻ፣ በ2 ሰከንድ፣ አንድ በአንድ። ስም መሮጥ የለበትም፤ መነበብ ነው ያለበት።

ሥራውን ለእኚያው እናት ደግመን አሳየናቸው። መስመሩ ኡም ራኩባ ላይ ቆመ። ዝም ብለው አዩትና «እናቴን የቀበርኩት እዚህ ነው» አሉ። በመጀመሪያው ምሽት ይህን አልነገሩንም ነበር።

እናንተም የቤተሰብ ታሪክ ስትሠሩ፣ ለመምህር ከማቅረባችሁ በፊት መንገዱን ለሄደበት ሰው አሳዩት። ፍጥነቱን የሚያውቀው እሱ ነው።